የተፈረደበት መሬት እንደገና ይከሰስበታል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም የመሬት ጉዳይ ናቸው። ሁሉም ደግሞ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰ ክርክርን ይመለከታሉ። ያለቀ ክርክር በየጊዜው እየተቀሰቀሰ ስንቱን ገበሬ ከእርሻው አስቀርቶ ወረዳ ከተማ እንደሚያመላልስ፣ ስንቱንም በሬ እንደሚያሸጥ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ስለዚህ በአንዳንዶቹ ላይ ሰፋ አድርገን መልሰናል። «ሕጉ» ስንል የተለየ ካልጠቀስን በስተቀር የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግን ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በ1999 ዓ.ም. ከድንበርተኛችን ጋር ሁለት ጥማድ በሚሆን መሬት ተከራክሮ በወረዳ ፍርድ ቤት ተረታ። ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢልም ፍርዱ ጸና። አባቴ ካረፈ በኋላ ይዞታው በውርስ ወደ እኔ ዞረ። በ2011 ዓ.ም. በተሰጠኝ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ያ የተረታንበት መሬት ተካቷል። አሁን በስሜ ደብተር ስላለኝ እንደ አዲስ መክሰስ እችላለሁ? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ የገለጹልን ነገር ሙሉ ከሆነ አይችሉም። ቢከሱም መዝገቡ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊዘጋብዎት ይችላል።

መነሻው የሕጉ ቁጥር 5 ነው። ክርክሩ ወይም ጭብጡ (ዳኛው መልስ የሚሰጡበት ጥያቄ) ቀደም ባለ ክስ በቀጥታና በዋናነት ተነሥቶ ከሆነ፣ ተከራካሪዎቹ እነዚያው ሰዎች ወይም መብታቸውን ከእነሱ ያገኙ ሰዎች ከሆኑ፣ የሚከራከሩትም በዚያው መብት ከሆነና ጉዳዩ ተሰምቶ የመጨረሻ ፍርድ ካረፈበት፣ ማንኛውም ፍርድ ቤት እንደገና ሊያየው አይችልም። እነዚህ ነገሮች ሁሉም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ክልከላው አይሠራም። በእርስዎ ጉዳይ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተከራካሪው አባትዎ ነበሩ፣ እርስዎ አልነበሩም። ነገር ግን መሬቱን የጠየቁት በወራሽነት፣ በአባትዎ እግር ተተክተው ስለሆነ «መብታቸውን ከእነሱ ያገኙ» ከሚባሉት ነዎት። ወራሽ ሟች ከነበረው በላይ አይወርስም። ሟች በፍርድ ያጣው መሬት በውርሱ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። መሬቱን የሚሉት ከአባትዎ ወርሼ ነው ሳይሆን በራሴ ስም ተደልድሎልኛል ከሆነ፣ ለምሳሌ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልድል እርስዎ ራስዎ የቤተሰብ ኃላፊ ሆነው የተመደበልዎት ከሆነ፣ መብትዎ የመጣው ከአባትዎ አይደለም። አባትዎ ቢረቱም ያ ፍርድ እርስዎን አያስርም። ስለዚህ የድልድሉን መዝገብ ማየት ዋጋ አለው። «ያው የቤተሰብ መሬት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ደብተሩን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መብት ስለመኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው እንጂ የፍርድ ቤትን ፍርድ የሚሽር ሥልጣን የለውም። በ1999 የተረታ መሬት በ2011 ልኬት በስሕተት ተካቶ ከሆነ፣ የተገኘው አዲስ ወረቀት ነው፤ አዲስ መብት አልተገኘም። እንዲያውም ባለጋራዎ ፍርዱን ይዞ ደብተሩ እንዲታረም ሊጠይቅ ይችላል። ከፍርዱ በኋላ መብቱን በእርግጥ የለወጠ ነገር ተፈጥሮ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ባለጋራዎ በሕግ አግባብ ይዞታውን አጥቶ መሬቱ በአስተዳደሩ ውሳኔ ለእርስዎ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ያ ከመጀመሪያው ክርክር በኋላ የተወለደ አዲስ የክስ ምክንያት ነው። ቁጥር 5 እሱን አይከለክልም። የውሳኔውን ቃለ ጉባኤና ቀኑን መያዝ አለብዎት።

«አባቴ የግብር ደረሰኝ ነበረው፣ ጠበቃ ስላልነበረው አላቀረበውም» የሚል ነገርም በደብዳቤዎ ጠቅሰዋል። ቁጥር 5(2) ይህን አስቀድሞ ዘግቶታል። በመጀመሪያው ክርክር ሊነሣ የሚችልና የሚገባ የነበረ ማጥቂያም ሆነ መከላከያ ሁሉ እንደተነሣና እንደተወሰነ ይቆጠራል። ፍርዱ ስሕተት ነበር የሚለውም አዲስ ክስ ለመክፈት አይበቃም። ለስሕተት የተሰጠው መንገድ ይግባኝ ነው፤ ጊዜውም በቁጥር 323(2) መሠረት ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ደግሞ ሰበር አለ። የተሳሳተ ፍርድ ሳይሻር ከቀረ እንደ ትክክለኛው ፍርድ ያስራል።

ከመወሰንዎ በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር ይኑር። የ1999ኙን ፍርድ ግልባጭ ያውጡና «ጭብጥ» የሚለውን ክፍል ያንብቡት። ዳኛው መልስ የሰጡበት ጥያቄ ምን እንደነበር፣ የመሬቱ አዋሳኞችም በአራቱ ማዕዘን እነማን እንደተባሉ ይዩ። ባለጋራዎ ዛሬ የያዘው ፍርዱ ከሰጠው ሁለት ጥማድ አልፎ ከሆነ፣ ያለፈው ክፍል አልተፈረደበትምና ስለዚያ ብቻ መክሰስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በአንድ መሬት ሲከሰኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ረትቻለሁ። አሁን የመሬቱን ስፋት ለውጦ፣ የአዋሳኞቹንም ስም ቀይሮ መጣ። መልስ እንድሰጥ ቀጠሮ ደርሶኛል። ዳኛው «ይህ ሌላ መሬት ነው» እንዳይሉኝ ምን ላድርግ? (ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ የሚያነሡት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው፤ በቁጥር 244(2)(ለ) ተደንግጓል። ጥንካሬው ግን በአቀራረቡ ነው። በቃል «ይህ እኮ ቀድሞ ተፈርዷል» ብሎ ማለፍ ብዙ ባለመብት አስረትቷል።

በቅድሚያ መዝገቦቹን ያግኙ። የመዝገብ ቁጥሩ ከጠፋብዎ በተከራካሪዎቹ ስምና በዓመተ ምሕረቱ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይፈለግልዎታል። ማኅተም ያረፈበት ትክክለኛ ግልባጭ ይውሰዱ። ይግባኝ ከነበረ የእያንዳንዱን እርከን ፍርድ ያካቱ፤ ፍርዱ በበላይ ፍርድ ቤት ተሽሮ ይሆን የሚል ጥርጣሬ መነሣት የለበትም። ደግሞ የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ይዘው አይሂዱ። ብዙ ጊዜ የውሳኔው ክፍል «ክሱ ውድቅ ተደርጓል» ብሎ ያበቃል። የትኛው መሬት እንደሆነ የሚናገረው የክስ ማመልከቻው ነው። ስለዚህ ያኔ የቀረበውን ክስና የሰጡትን መልስም አብረው ያስገልብጡ።

ቀጥሎ ሁለቱን መሬቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የስፋት ልዩነት ብቻውን ሌላ መሬት አያደርገውም። በመጀመሪያው ክስ በግምት «አንድ ጥማድ» የተባለ ማሳ በባለሙያ ሲለካ 0.31 ሄክታር ሊወጣ ይችላል። የአዋሳኝ ስምም እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ያዋስን የነበረው ሰው ሞቶ ልጁ ተተክቶ፣ በሰሜን የነበረው ይዞታውን ለሌላ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። በመልስዎ ላይ «በመጀመሪያው ክስ በምሥራቅ እገሌ የተባለው የአሁኑ አዋሳኝ የእገሌ አባት ነው» እያሉ ማዕዘን በማዕዘን ያያይዙት። የማይለወጡትን ምልክቶች ደግሞ ይጥቀሱ፤ ወንዝ፣ ገደል፣ የመኪና መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር። በሁለተኛ ደረጃ ልኬት የተሰጠ የማሳ መለያ ቁጥር ካለ እሱን ይጻፉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥርጥር ካለ፣ የወረዳው መሬት ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ሁለቱ ክሶች የሚገልጹት መሬት አንድ ስለመሆኑ አጣርቶ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ቁጥር 245 ፍርድ ቤቱ በመቃወሚያው ላይ ከመወሰኑ በፊት ሌላውን ወገን እንዲሰማና ማስረጃ እንዲያስቀርብ ይፈቅዳል።

የመቃወሚያው አጻጻፍ በግምት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከሳሽ አሁን ክስ ያቀረቡበት፣ በምሥራቅ … በምዕራብ … በሰሜን … በደቡብ … የሚያዋስነው መሬት በዚሁ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር … በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ክርክር ተደርጎበት፣ ‹መሬቱ የማን ይዞታ ነው?› የሚል ጭብጥ ተይዞ፣ በቀን … በተሰጠ ፍርድ የተከሳሽ ይዞታ መሆኑ ተወስኗል። ከሳሽ ያቀረቡት ይግባኝም በመዝገብ ቁጥር … ተሰርዟል። ስለዚህ ክሱ በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 5 እና 244(2)(ለ) መሠረት ውድቅ ተደርጎ መዝገቡ እንዲዘጋልን፣ ወጪና ኪሳራችንም እንዲተካልን እንጠይቃለን።»

ጭብጡን በትክክል ከፍርዱ ገልብጠው ይጻፉ፤ የመቃወሚያው ልብ እሱ ነው።

መቃወሚያው መልስዎ መጀመሪያ ላይ ይገባል። ሌላ መቃወሚያ ካለዎት፣ ይርጋም (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍም) ይሁን የሥልጣን ጥያቄ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያቅርቡ። በቁጥር 244(3) መሠረት ያልተነሣ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። ሕጋዊ ፍርድ መስጠትን የሚያግድ ዓይነት መቃወሚያ ሲሆን ብቻ ነው ሕጉ የሚምረው። ቁጥር 5 የተጻፈው ለፍርድ ቤቱ በተሰጠ ክልከላ መልክ ስለሆነ ዘግይቶም ቢነሣ ሰሚ ያገኛል የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል። ግን መብትዎን በዚህ ክርክር ላይ አያንጠልጥሉት፤ በመጀመሪያው መልስ ላይ ያንሡት።

መቃወሚያውን ብቻ ጽፎ ማቆምም አደገኛ ነው። «መቃወሚያው ቢታለፍ» ብለው በፍሬ ነገሩ ላይም ሙሉ መልስና የምስክር ዝርዝር ያስገቡ። መቃወሚያቸው ውድቅ ሲሆን ያለ መልስ የቀሩ ተከሳሾች ጥቂት አይደሉም። ቀድሞ የተዘጋው መዝገብ ከመዝገብ ቤት እንዲቀርብ ደግሞ በቁጥር 145 መሠረት ማመልከት ይችላሉ፤ ዳኛው ዋናውን መዝገብ በዓይናቸው ሲያዩ የግልባጭ ክርክር ያበቃል።

መቃወሚያው ተቀባይነት ቢያጣ ወዲያው ይግባኝ አይባልም። ቁጥር 320(3) በእንዲህ ያለ ብይን ላይ ይግባኝ የሚቀርበው ከመጨረሻው ፍርድ ጋር እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ብይኑን ይያዙት፤ ክርክሩን ይቀጥሉ፤ ከተረቱ በይግባኝ ማመልከቻዎ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ግቢዬን ገፍቶ አጥር ሲያጥር «ሁከት ይወገድልኝ» ብዬ ከስሼ ተሸነፍኩ። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ ቦታውን ከሁለት ዓመት በላይ ይዞታል ብሎ ነው የዘጋው። ካርታዬ ግን ቦታው የኔ መሆኑን ያሳያል። አልቆልኛል ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የግድ አይደለም። ይህን ለመመለስም ጭብጡን ማየት ያስፈልጋል።

የሁከት ክስ የሚመሠረተው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ላይ ነው። በዚህ ክስ የሚጠየቀው «ቦታውን በእጁ አድርጎ ይዞ የነበረው ማን ነው፣ ማንስ ነጠቀው ወይም አወከው?» የሚል ነው። የባለመብትነት ጥያቄ በዋናነት አይነሣም። ጊዜውም አጭር ነው፤ ይዞታው ከተነጠቀ ወይም ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የእርስዎ ክስ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነ፣ የተወሰነው የሁከት ክስ ጊዜው ማለፉ ነው። ቦታው በሕግ የማን ነው የሚለው አልተሰማም፤ አልተፈረደበትምም። ስለዚህ በካርታዎ ላይ ተመሥርተው «የይዞታ መብቱ የእኔ ስለሆነ ይለቀቅልኝ» የሚል ክስ ቢያቀርቡ ቁጥር 5 አይከለክልዎትም የሚል አስተያየት አለን። ከይርጋ ጋር የተያያዘ መከራከሪያ ሊነሣብዎ ስለሚችል ለእሱም ይዘጋጁ።

ነገር ግን የቁጥር 1149 ንዑስ ቁጥር 3ን አይርሱት። ተከሳሹ ለሥራው የሚደግፈው መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ፣ ፍርድ ቤቱ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን ይችላል። ጎረቤትዎ የራሱን ካርታ አቅርቦ፣ ዳኛው ሁለቱን ካርታዎች አመዛዝነው፣ ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ አስቀርበው «ቦታው የተከሳሽ ነው» ብለው ከጻፉ ክሱ «ሁከት» መባሉ አያድንዎትም። ባለመብትነቱ በቀጥታና በዋናነት ተነሥቶ ተወስኗል። የክሱ ርዕስ ሳይሆን ዳኛው የመለሱት ጥያቄ ነው ሚዛኑ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ብቻውን ተከሶ በጋራ ይዘነው የነበረውን መሬት ተረታ። እኔ ክስም መጥሪያም አልደረሰኝም። ደብተሩ ላይ ግን ፎቶዬና ስሜ አለ። አዲስ ክስ ልመሥርት? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ አዲስ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት የፍርድ መቃወሚያ ያቅርቡ፤ ሳይዘገዩም ያድርጉት። ቁጥር 358 ልክ እንደ እርስዎ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። በክርክሩ መግባት ይችል ወይም ይገባው የነበረ፣ በራሱም ሆነ በወኪሉ ያልተካፈለና ፍርዱ መብቱን የሚነካበት ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ለዚያው ፍርድ ለሰጠው ፍርድ ቤት መቃወሚያውን ያቀርባል። ፍርድ ቤቱም ፍርዱን ሊያጸናው፣ ሊለውጠው ወይም ሊሰርዘው ይችላል።

መብትዎ ከባልዎ የተላለፈ አይደለም፤ የራስዎ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ስምዎ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የደብተሩን ግልባጭ፣ የጋብቻ ማስረጃና የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ማረጋገጫ አያይዙ። አፈጻጸሙ ተጀምሮ ከሆነ መቃወሚያው እስኪታይ አፈጻጸሙ እንዲታገድ አብረው ያመልክቱ፤ ፍርዱ ከተፈጸመ የቁጥር 358 በር ይዘጋልና። ከዚያ በኋላ «ተካፋይ ስላልነበርኩ ፍርዱ አያስረኝም» የሚል የራስዎ ክስ የማቅረብ ክርክር ይቀርዎታል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ መሬቱም በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ነው የሚካሄደው።

ሌላኛው ወገን «ባሏ ለሁለቱም ነው የተከራከረው» ማለቱ አይቀርም። የተከራከረው ለራሱ ብቻ መሆኑን ወይም ውክልና እንዳልነበረው ለማሳየት ይዘጋጁ። ሁሉም ቀጠሮ ላይ አብረው ችሎት ይቀመጡ እንደነበር ከተመሰከረ ጉዳዩ ይከብድብዎታል።

ጥያቄ፦ ያቀረብኩት የመሬት ክስ በቀጠሮ ቀን ስላልተገኘሁ ተዘጋ። ይህም «የተፈረደ» ይባላል? (ከጎንደር ከተማ)

መልስ፦ በማን አለመቅረብ እንደተዘጋ ይወሰናል። ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ መዝገቡ የሚዘጋው በቁጥር 69(2) ነው፤ አዲስ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ተከሳሹ ቀርቦ እርስዎ ከቀሩ ግን ቁጥር 73 ይሠራል። ያን ጊዜ በቁጥር 74 መሠረት በዚያው የክስ ምክንያት አዲስ ክስ ማቅረብ አይችሉም። ያለዎት መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ መዝገቡ እንዲንቀሳቀስ መጠየቅ ነው። የሕክምና ወረቀት ካለ አሁኑኑ ያያይዙት። ትእዛዙ ላይ የተጠቀሰውን ቁጥር ዛሬ ሄደው ያንብቡ፤ ወሩ እየሮጠ ነው።

ክሱን ራስዎ አንሥተው ከሆነ ቁጥር 278ን ይመልከቱ። እንደገና የመክሰስ መብት ተጠብቆልዎት እንደሆነ ትእዛዙ ይናገራል። ዳኛው ሳይፈቅዱ ክሱን ያነሣ ሰው ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

ጥያቄ፦ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ «መሬቱ የእገሌ ነው» ብሎ ወስኖብኛል። በሽማግሌም አንድ ጊዜ ተነጋግረን ነበር። ፍርድ ቤት ብሄድ ይከለክለኛል? (ከአርሲ)

መልስ፦ ኮሚቴው ፍርድ ቤት አይደለም። ቁጥር 5 የሚጠብቀው ዳኝነት ለማየት ሥልጣን ባለው አካል ተሰምቶ የተሰጠን ፍርድ ነው። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት መሄድዎን ግን አያግድም። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት ክርክሩ አስቀድሞ በቀበሌና በተመረጡ ሽማግሌዎች እንዲታይ ይጠበቃል። ይህን ደረጃ ማለፍዎን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ።

ሽምግልናው ግን በጥንቃቄ ይታይ። ውይይት ብቻ ከነበረ አያስርም። በጽሑፍ ተዋውላችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ድንበሩን ከለያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንዲቆጠር ያደርጋል። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ የጠና ነው። የፈረሙትን ወረቀት እንደገና ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ከተረታሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ባለጋራዬ ያቀረበው የምሪት ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑን ደረስኩበት። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አዲስ ክስ አይመሥርቱ። ለዚህ የተሠራው መንገድ በቁጥር 6 የተመለከተው የዳግም ዳኝነት አቤቱታ ነው። የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ሐሰተኛ ሰነድ፣ ሐሰተኛ ምስክርነት ወይም ጉቦ ከፍርዱ በኋላ ሲታወቅ፣ በጊዜው በትጋት ፈልገውም ሊያውቁት ያልቻሉት ከሆነና ቢታወቅ ኖሮ ውጤቱን በመሠረቱ ይለውጠው የነበረ ከሆነ ፍርዱ እንደገና ይታያል።

ጊዜው ምክንያቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው። ስለዚህ መቼ እንዳወቁ የሚያሳይ ቀን ያለው ወረቀት ከምንም በላይ ያስፈልግዎታል። ደብዳቤውን አውጥቷል የተባለው መሥሪያ ቤት «ይህ ቁጥርና ቀን በመዝገባችን የለም» ብሎ በማኅተም ከጻፈልዎ ያ ቀን መቁጠሪያዎ ነው። አቤቱታው እንደ ይግባኝ ማመልከቻ ዝርዝር ያለው ይሁን፤ በቃለ መሐላም ይደገፍ። ፍርድ ቤቱ ቢቀበለውም ባይቀበለውም በዚያ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም። ስለዚህ አንዴ የሚቀርብ ነውና ማስረጃው ሳይሟላ አይሩጡ፤ ወሩም አይለፍዎት። በጊዜው ያውቁት የነበረ ግን ያልጠሩት ምስክር በዚህ መንገድ አይገባም።

ጥያቄ፦ በ2009 ዓ.ም. ረትቼ ነበር። ተረቺው ግን አሁንም መሬቱን ያርሳል። እንደገና ልክሰሰው? ከዚያ ወዲህ የበላውን ሰብልስ እጠይቃለሁ? (ከወላይታ)

መልስ፦ ፍርዱ ተፈጽሞ ካልነበረ የሚያስፈልግዎ የአፈጻጸም መዝገብ በቁጥር 378 መሠረት መክፈት ነው። አዲስ ክስ ካቀረቡ ቁጥር 5 በእርስዎ በባለመብቱ ላይ ይዞራል፤ «ጉዳዩ ተፈርዷል» ተብሎ ይመለስብዎታል። በቁጥር 384 መሠረት የአፈጻጸም ማመልከቻ ከ10 ዓመት በኋላ ስለማይቀበሉት ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ ከ2009 ወዲህ ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም።

በአፈጻጸም መሬቱን ተረክበው ሰውየው ተመልሶ ገብቶ ከሆነ ግን ይህ አዲስ ድርጊት ነው። የሁከት ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ያቅርቡ። በዚያ ክስ ላይ የመሬቱ ባለመብት ማን ነው የሚለውን እንደገና ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። የ2009ኙን ፍርድና የርክክቡን ቃለ ጉባኤ ማያያዝ ይበቃል። ርክክብ ሲደረግ ችካል ወይም የድንበር ድንጋይ እንዲተከልና ቦታው በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ሰብሉን በተመለከተ ዓመቶቹን ይከፋፍሏቸው። በመጀመሪያው ክስ የሰብል ግምት ጠይቀው ፍርዱ ዝም ብሎ ካለፈው በቁጥር 5(3) እንደተከለከለ ይቆጠራል። ሳይጠይቁ ከቀሩ ደግሞ ከዚያ ክስ በፊት የታጨደው ላይ፣ ክስን ከፋፍሎ ማቅረብን የሚከለክለው ቁጥር 216 ይነሣብዎታል። ከፍርዱ በኋላ በየዓመቱ የተወሰደው ሰብል ግን በመጀመሪያው ክርክር ሊጠየቅ አይችልም ነበር፤ ገና አልተዘራምና። ስለእሱ በየምርት ዘመኑ የተዘራውን የእህል ዓይነት፣ በግምት የተገኘውን ኩንታልና በዚያ ዓመት የነበረውን የገበያ ዋጋ በግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አስደግፈው ለብቻው መጠየቅ ይችላሉ።